ሳይለኩ ለማይለውጡት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ከልብ የመነጨ ምስጋና

አሮጌ ቫኔን ከረጅም ወራት ጭንቀት ያሳረፉልኝን የመኪና ኤሌክትሪሺያን በአደባባይ ለማመስገን፣ የዳሽቦርድ መብራትና ጌጅ (የሙቀትና የነዳጅ መለኪያ) ችግር ላስቸገራችሁም ሁሉ እርሳቸውን ለመጠቆም ይህን ጽሑፍ ጽፌአለሁ። ስማቸው በይፋ እንዲወጣ ስላልፈለጉ ፈቃዳቸውን አክብሬአለሁ፤ አድራሻቸውን የሚፈልግ ሰው ግን በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ በደስታ እሰጣለሁ።

ቫኑ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለ ሲሆን፣ ብልሽቱን በኮምፒውተር ለማንበብ የሚያስችል መሰኪያ የለውም። ችግሩ የሚጀምረው ሲመሽ ነበር። የፊት መብራት ስከፍት የሙቀት ጌጁ ጠቋሚ ከመሃል ተነሥቶ ወደ ቀዩ ይጠጋል፤ የነዳጁም ጠቋሚ አብሮት ከፍ ይላል፤ የዳሽቦርዱ መብራት ደብዝዞ ፍሬቻ ባበራሁ ቁጥር ከፍሬቻው ጋር እኩል ይርገበገባል። አስቀድሞ ያየው ጋራዥ መጀመሪያ የሙቀት ሴንሰሩን፣ ቀጥሎ የማቀዝቀዣውን ውሃ ፍሰት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ለወጠ፤ ሁለቱም ምንም ለውጥ ባለማምጣታቸው በመጨረሻ ሙሉ ዳሽቦርድ ፈልጌ እንዳመጣ ተነገረኝ። ለእንዲህ ያለ አሮጌ መኪና የሚሆን ደህና ዳሽቦርድ ማግኘት ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

እኚህ ባለሙያ መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት፣ «ልጄ፣ ጠቋሚው ሲወጣ ምን ተከፍቶ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ በፊት ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መልሴን ከሰሙ በኋላም ጌጁ ይዋሻል ብለው አልደመደሙም፤ ሞተሩ በእርግጥ እየጋለ እንዳልሆነ እስኪረጋገጥ ድረስ ማስጠንቀቂያው እውነት ነው ተብሎ መያዝ እንዳለበት ነገሩኝ። ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ውሃ አዩ፤ ከዚያም አስነሥተው በደንብ እስኪሞቅ ጠብቀው፣ ሳይነኩ በሚለካ ቴርሞሜትር የቴርሞስታቱን ቤት መብራት ተከፍቶም ተዘግቶም ለኩ። ብረቱ በሁለቱም ጊዜ 88 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ጠቋሚው ግን መብራት በተከፈተ ቁጥር ይወጣ ነበር። ሞተሩ ደህና መሆኑን በዚህ አወቅን።

ቀጥለው ቮልት የሚለኩበትን መልቲሜትራቸውን አውጥተው አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የዳሽቦርዱ ግራውንድ ሽቦዎች (ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስባቸው) በታሰሩበት ብሎን ላይ አደረጉና ቁጥሩን ራሴ እንዳነብ ጠሩኝ። መብራት ተዘግቶ 0.3 ቮልት፣ የፊት መብራት ተከፍቶ 1.8 ቮልት ነበር። ጤነኛ ግራውንድ ላይ ይህ ቁጥር ከ0.1 ወይም ቢበዛ ከ0.2 ቮልት መብለጥ እንደሌለበት አስረዱኝ። ባትሪውን ነቅለው፣ ከሾፌሩ ግራ እግር አጠገብ ያለውን ፕላስቲክ ሲያነሡት፣ አራት ሽቦዎች በአንድ ብሎን ሥር ታስረው ቀለበቶቻቸው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ለብሰው አገኘናቸው። ብሎኑን ፈተው ቀለበቶቹንም፣ የቦዲውንም ብረት እስኪያብለጨልጭ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉ፤ መልሰው አጥብቀው ካሰሩት በኋላ ዳግመኛ ዝገት እንዳይዘው ግሪስ ቀቡት። በድጋሚ ሲለካ 0.04 ቮልት ሆነ። ያን ሌሊት የፊት መብራት ከፍቼ ስነዳ ጠቋሚው ከቦታው አልተነቃነቀም።

አንድ የዛገ ብሎን ይህን ሁሉ እንዴት ሊያደርግ ቻለ ለሚል ሰው፣ እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነበርና የሰጡኝን ማብራሪያ ልጻፍ። በእንዲህ ዓይነት አሮጌ መኪና ከጌጆቹ ጀርባ ቮልቴጅ የምታስተካክል ትንሽ ሳጥን አለች። በውስጧ ሲሞቅ የሚለመጥ፣ ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ ቅጠል አለ፤ ቅጠሉ እየተለመጠ ኤሌክትሪኩን ቶሎ ቶሎ ስለሚቆርጠውና ስለሚቀጥለው ባትሪው 12 ቮልትም ይስጥ 14፣ ጌጆቹ የሚደርሳቸው አማካይ መጠን አይለዋወጥም፤ በብዙ የእንግሊዝ ሥሪት አሮጌ መኪኖች ይህ መጠን 10 ቮልት ገደማ ነው። ግራውንዱ ሲደክም ግን ቅጠሉን የሚያሞቀው ሽቦ በቂ ኃይል አያገኝም፤ ስለዚህ ቅጠሉ ዘግይቶ ይቆርጣል፣ ከሚገባው በላይ የሆነ ቮልቴጅም ወደ ጌጆቹ ያልፋል። የሙቀቱና የነዳጁ ጠቋሚዎች አብረው የሚወጡት ሁለቱም ከዚህች ሳጥን ስለሚመገቡ ነው። ሁለት ሴንሰሮች በአንድ ሰዓት፣ ያውም መብራት ሲከፈት ብቻ ሊበላሹ እንደማይችሉ ሲነግሩኝ፣ በከንቱ የተለወጠው ሴንሰር ትዝ አለኝ።

ያልጠየቅኋቸውንም አንድ ብልሽት አገኙልኝ። ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ብቻ ከፍተው በዳሽቦርዱ ላይ የበሩትን መብራቶች አንድ በአንድ ሲቆጥሩ የባትሪው ምልክት አልበራም። እኔ ለዓመታት አለመብራቱን የጤንነት ምልክት አድርጌ እቆጥረው ነበር። አምፖሉ ተቃጥሎ ኖሯል። በብዙ አሮጌ መኪኖች ዲናሞው ማመንጨት የሚጀምርበትን የመጀመሪያ ኃይል የሚያገኘው በዚህ አምፖል በኩል ስለሆነ፣ አምፖሉ ሲቃጠል ሞተሩ ተነሥቶም ዲናሞው ላይሠራ ይችላል። የእኔም 12.4 ቮልት ላይ ቆይቶ ጋዝ ሲሰጠው ብቻ ወደ 14.2 ይዘል ነበር። አምፖሉ ሲለወጥ ወዲያው ተስተካከለ። የዘይት ግፊቱንም መብራት ቢሆን ሳይሞክሩ አላለፉም፤ ከሞተሩ ላይ ሽቦውን ነቅለው ብረት በማስነካት መብራቱን አረጋገጡ፣ ሞተር እየሠራ ይህ መብራት ከበራ ግን ምንም ሳልመራመር ወዲያው እንዳጠፋ አጥብቀው አሳሰቡኝ።

የነዳጅ ጌጁ አሁንም ታንከሩ ወደ ማለቅ ሲቃረብ ትንሽ ይዘላል። ይህም በታንከሩ ውስጥ ተንሳፋፊው የሚንሸራተትበት ክፍል ተፍቆ ከማለቁ የተነሣ መሆኑን፣ ታንከሩን ማውረድ እንደሚጠይቅና አሁኑኑ እንደማያስፈልግ ነግረውኝ፣ እስከዚያው በኪሎሜትር እንድቆጥር መከሩኝ። ሌላ ሥራ ጨምረው ሊያስከፍሉኝ ሲችሉ ይህን ማለታቸው እምነቴን አጽንቶታል። የሒሳብ ወረቀታቸውም ላይ የተጻፈው አንድ አምፖልና የሠሩበት ሰዓት ብቻ ነው።

ወደ እርሳቸው የምትሄዱ ሁሉ ጠቋሚው ወይም መብራቱ በሚያስቸግርበት ጊዜ ምን ምን ተከፍቶ እንደነበር፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን የሞቀ ጽፋችሁ ያዙ፤ ቁልፍ ስትከፍቱ የሚበሩትንም መብራቶች ፎቶ አንሡ። ሥራቸውን በእጅጉ ያቀልላቸዋል። ለእርሳቸውና ቀኑን ሙሉ መብራት ይዛ አጠገባቸው ለቆመችው ተለማማጃቸው ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እጃችሁ ይባረክ።