ወፍና አበባ በጄድ ላይ፦ ኔፍራይት ወይስ ጄዳይት?

ጄድ በሚለው አንድ ስም የሚጠሩት ለቅርጻ ቅርጽ የሚውሉ ሁለት የተለያዩ የከበሩ ማዕድናት ናቸው። ኔፍራይት በቻይና ከድንጋይ ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ሲሆን፣ ዝነኛው ነጭ ዓይነት የሚገኘው በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ በሺንጂያንግ ከሚገኙት የኮታን ወንዞች ነው፤ ጄዳይት ግን ከበርማ በብዛት መግባት የጀመረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ጭረትን በመቋቋም ጄዳይት በጥቂቱ ይበልጣል። ይሁን እንጂ የኔፍራይት ጥቃቅን ቃጫዎች እርስ በርስ የተጠላለፉ በመሆናቸው በቀላሉ አይሰበርም፤ ስለዚህ ስስ የአበባ ቅጠልና ቀጭን የወፍ ምንቃር ለማውጣት ይመቻል። ሁለቱም የሚቀረጹት በመሮ ተፈልፍለው ሳይሆን በጠንካራ አሸዋና በውሃ ቀስ በቀስ ተፍቀው ነው።

የጄዳይት ብልጫ ቀለሙ ነው፤ ባለሙያው አረንጓዴውን ክፍል ቅጠል፣ ነጩን አበባ፣ ቀላ ያለውን ደግሞ ወፍ ያደርገዋል። የቻይንኛ ስሙ ፌይጹይ ራሱ ቀድሞ ላባዋ ያሸበረቀ፣ ዓሣ አጥማጅ የሆነች ወፍ መጠሪያ ነበር።

የወፍና የአበባ ቅርጾቹ ምልክታዊ ትርጉም ግን በአብዛኛው የቆመው በቃላት ድምፅ ላይ ነው፤ በሰምና ወርቅ ላደገ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም። በፕሪም ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ያረፈች ማግፓይ የተባለች ወፍ «ደስታ እስከ ቅንድብ ጫፍ ወጣ» ተብላ ትነበባለች፤ የወፏ ስም የሚጀምረው «ደስታ» በሚለው ቃል ሲሆን፣ ፕሪምና ቅንድብም በቻይንኛ አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው። ይህን ምልክት የሚሸከመው ቅርጹ እንጂ ቀለሙ ስላልሆነ፣ ለእኔ ነጩ ኔፍራይት ይበልጥብኛል።