የእናቴን ክፍል ላሞቀልን ባለሙያ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ጥቆማም ነው። አሮጌ ቤት ውስጥ የምትኖሩ፣ ግማሹ ቤት እየሞቀ ግማሹ የሚቀዘቅዝባችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝና አንብቡት።

ቤታችን የቆየ ነው፤ ማሞቂያውም አብሮት አርጅቷል። ምድር ቤት ያለው ቦይለር ውሃውን ያሞቃል። ፓምፑ ይገፋዋል። ሙቁ ውሃ በየክፍሉ ያሉትን ራዲያተሮች ዞሮ ይመለሳል። አሠራሩ ይኸው ነው። ዘንድሮ ብርዱ ሲገባ ግን ከቦይለሩ ራቅ ያለው የቤቱ ጎን መሞቅ አቆመ። የእናቴ ክፍል እዚያ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ሲበርድ ይብስባታል። ብርድ ልብስ ደራርባ ስትተኛ እያየሁ እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ሰው ቦይለሩን አየና “አርጅቷል፣ ይቀየር” አለን። ሁለተኛው “ፓምፑ ደክሟል” ብሎ ተለቅ ያለ ገጠመልን። ከዚያ በኋላ የሳሎኑ ራዲያተሮች ማፏጨት ጀመሩ። የእናቴ ክፍል ግን ለብ ከማለት አላለፈም።

ይህን ሦስተኛውን ሰው የጠቆመችን ጎረቤታችን ናት። ሲመጣ የዕቃ ሳጥኑን በሩ ጋ አስቀመጠና መጠየቅ ጀመረ። የትኛው ክፍል ቀድሞ ይሞቃል? ችግሩ ቀስ እያለ ነው የመጣው ወይስ በአንድ ጊዜ? ውሃ ትጨምሩበታላችሁ? በስንት ጊዜው? እናቴንም “እማማ፣ እርስዎ ጋ ያለው የቱ ጋ ነው የሚቀዘቅዘው? ላዩ ነው ታቹ?” አላት። ከዚያ ራዲያተር ጋር የምትውል የምታድረው እሷ ናት፤ እስከዚያ ቀን ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም። “ላዩ ለብ ይላል፣ ታቹ በረዶ ነው ልጄ” አለችው።

ይህች መልስ ለካ ብዙ ነገር ይዛለች። ራዲያተር ታቹ ሞቆ ላዩ ሲቀዘቅዝ ብዙ ጊዜ አየር ይዞ ነው፤ በማስተንፈሻው ሲያወጡለት ይስተካከላል። ታቹ፣ በተለይ መሀል ለመሀል ሲቀዘቅዝ ግን ዝቃጭ ተኝቶበታል። የራዲያተሩ የሚሞቀው ጎንም ለብ ብቻ የሚል ከሆነ በቂ ውሃ እየደረሰው አይደለም። የእናቴ ሁለቱም ነበረበት።

ቀጥሎ መለካት ጀመረ። ከርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ነው የያዘው። ከመለካቱ በፊት ግን በየቧንቧው ላይ ጥቁር ናስትሮ ጠቀለለ። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። የሚያብረቀርቅ መዳብ ያንን ቴርሞሜትር ያሳስተዋል፤ ትኩሱን ቀዝቃዛ አስመስሎ ያሳያል። ከቦይለሩ የሚወጣው ውሃ 70 ዲግሪ፣ የሚመለሰው 64 ሆነ። እንደ እኛ ባለ አሮጌ ማሞቂያ ልዩነቱን 10 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚጠብቅ ነገረኝ። ስለዚህ ውሃው ሙቀቱን ለቤቱ ሳይሰጥ በአጭሩ መንገድ ዞሮ እየመጣ ነበር። ቦይለሩ በየጥቂት ደቂቃው የሚበራውና የሚጠፋውም ለዚህ ነው። “ቦይለራችሁ ጤነኛ ነው” አለ። እንዲቀየር የተፈረደበት ያው ቦይለር!

ከዚያ ያደረገውን እስከዛሬ አልረሳውም። ጥሩ የሚሞቁትን ራዲያተሮች አንድ በአንድ ዘጋቸው። ውሃው ቀላሉን መንገድ መርጦ ብቻ ከሆነ አሁን የግዱን ወደ እናቴ ጎን መሄድ አለበት። እሱ ቦይለሩ አጠገብ ቆሞ ሙቀቱን ይጠብቃል፤ እኔ ክፍሏ ውስጥ እጄን ራዲያተሩ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ለውጥ የለም። እንግዲህ መስመሩ ላይ የሆነ ነገር ዘግቶታል ማለት ነው።

ቧንቧውን እየለካ ተከተለው። ደረጃ ሥር፣ ከአሮጌ ዕቃ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር አብሮ ቀለም የተቀባ ጌት ቫልቭ አገኘ፤ እጀታው ሲዞር ውስጡ ያለ የብረት ምላስ እየወጣና እየወረደ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋ ነው። እዚያ መኖሩን እኛ ራሳችን አናውቅም ነበር። ከቫልቩ በፊት 68 ዲግሪ፣ ከቫልቩ በኋላ 31። እጀታውን አዞርኩት፤ እስከ መጨረሻው ዞረ። “ክፍት ነው እኮ” አልኩት። “እጀታው ዞረ ማለት ውስጡ ተነሳ ማለት አይደለም” አለኝ። ውሃውን አፍስሶ ሲፈታው ያ የብረት ምላስ ከዘንጉ ተላቆ ታች ወድቋል። ቀዳዳውን ከሞላ ጎደል ዘግቶታል። በአንዲት ቦል ቫልቭ፣ ማለትም በውስጧ በምትዞር ቀዳዳ ባላት ኳስ በምትከፍትና በምትዘጋ ቫልቭ ተካው።

ትልቁ ፓምፕ ለምን እንዳልረዳንም ያኔ ገባኝ። በአንድ መስመር የሚያልፈውን ውሃ እጥፍ ለማድረግ ግፊቱ ወደ አራት እጥፍ መድረስ አለበት። ስለዚህ ጉልበቱ ሁሉ ያለቀው ክፍት በሆነው በሳሎን በኩል ነው፤ ፉጨቱም የመጣው ከዚያ ነው። ፓምፑን ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት አወረደው። ፉጨቱ ወዲያው ቆመ።

ዝቃጩ ቀረ። የእናቴንና የጎኗን ራዲያተር ፈትተን ደጅ አወጣናቸው። በውሃ ጎማ ሲያጥባቸው የወጣው ቀለም የመሰለ ጥቁር ነው። ባልዲው ውስጥ ማግኔት ሲያስገባ ዝቃጩ ተለጠፈበት፤ ልጆቼ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። የብረት ዝገት ነው። ምክንያቱ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ግፊቱ ሲወርድ በየሳምንቱ ውሃ እጨምር ነበር፤ ለምን እንደሚወርድ ግን ጠይቄ አላውቅም። አዲስ ውሃ በገባ ቁጥር ኦክስጅን ይዞ ይገባል፤ ኦክስጅኑ የራዲያተሩን ብረት ይበላል። ከቁም ሳጥን ጀርባ ጠብ ጠብ የምትል መጋጠሚያ አግኝቶ አጠበቀልን። ዝገት የሚከላከል ፈሳሽ ጨመረ፤ ወደ ቦይለሩ በሚመለሰው ቧንቧ ላይም ባለማግኔት ማጣሪያ ገጠመ።

ሙሉ ሲስተሙን በከባድ ግፊት እንዲያጥብልን ጠይቄው ነበር። እምቢ አለ። ቧንቧው ከማርጀቱ የተነሳ ዝገቱ ራሱ ቀዳዳ ደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ግፊቱ ያንን ይከፍተዋል አለኝ። ሥራ ጨምሮ ተጨማሪ ገንዘብ መቀበል ይችል ነበር። አላደረገውም። ከሁሉም በላይ የማከብረው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ፤ ፈጣን አይደለም። ሙሉ ቀን ፈጀ። የቅርቦቹን ራዲያተሮች ውሃ እየቀነሰ፣ የሩቆቹን እየለቀቀ ሲያመጣጥን ብቻ ሁለት ሰዓት ገደማ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሳንጠራው ተመልሶ መጣና እንደገና ለካ። ከቦይለሩ የሚወጣው 70፣ የሚመለሰው 58። የእናቴ ክፍል 21 ዲግሪ። እናቴ እጁን ይዛ ስትመርቀው ቆየች፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ “አሜን” ይላል።

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልን። ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ራዲያተሮቻችሁን በእጃችሁ ዳስሱና የቱ ላዩ፣ የቱ ታቹ እንደሚቀዘቅዝ ያዙለት። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።