ከቀይ ክፍል እስከ መውጫ ወረቀት፦ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ያገኘነው አገልግሎት

ታናሽ እህቴ በሰፈራችን ክሊኒክ ሴፍትሪአክሶን የተባለ የአንቲባዮቲክ መርፌ በተወጋች በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈሯ አብጦ፣ ሰውነቷ በሽፍታ ተሸፍኖ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ በላዳ ይዘናት አዲስ አበባ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ደረስን። በር ላይ ጥበቃው «መጀመሪያ ካርድ አውጡ» ብሎ ሲያስቆመን፣ የትሪያጅ ነርሷ (የታካሚዎችን የሕመም ክብደት የምትለየው) ገና ከሩቅ አይታት ወጣችና «ካርዱ ይደርሳል፣ አስገቧት» ብላ በቀጥታ ወደ ቀይ ክፍል ወሰደቻት። ቀይ ክፍል ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀ፣ ወረፋ የማይጠብቅ ታካሚ የሚታከምበት ነው።

ይህን አገልግሎት ከልብ የማመሰግነው ከዚያ በኋላ ስለተሠራው ሥራ ነው። ተረኛው ሐኪም ምን እንደተወጋች ብቻ ጠይቆ፣ ግማሽ ሚሊግራም አድሬናሊን በጭኗ ጡንቻ እንድትወጋ አዘዘ። ለእንዲህ ዓይነቱ ከባድ አለርጂ ቀድሞ መሰጠት ያለበት ይህ ነው፤ ሃይድሮኮርቲዞን የተባለው የእብጠት መቀነሻም ሆነ የማሳከክ ማስታገሻ መድኃኒት ሥራው ዝግ ያለ ስለሆነ፣ በእነዚያ ጀምሮ አድሬናሊንን ማዘግየት ሕይወት ያስከፍላል። እህቴ ትንሽ ቀለል ሲላት ልትነሳ ብትሞክር ነርሷ ትከሻዋን ይዛ «እህቴ፣ አትነሺ፤ ግፊትሽ ወርዷል» አለቻትና እግሮቿን በትራስ ከፍ አደረገችላት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግፊቷ ባለመስተካከሉ መርፌው ተደገመ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽም በፍጥነት እንዲወርድ ተደረገ።

ቅሬታዬም ቀላል አይደለም። መጀመሪያ የተከፈተው የኦክስጅን ሲሊንደር ባዶ ሆኖ ሌላ እስኪመጣ ተጠብቋል፤ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) እና ፕላስተር ከውጭ ፋርማሲ ገዝተን እንድናመጣም ተጠይቀናል። ቀይ ክፍል ውስጥ ሲሊንደር በየተረኛው መፈተሽ አለበት፤ ይህ ደግሞ ተጨማሪ በጀት አይፈልግም። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ሌሊቱን በክትትል ማሳደራቸው ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን አልጋ ጠፍቶ ኮሪደር ላይ በስትሬቸር አድራለች።

ጠዋት የተሰጠን የመውጫ ወረቀት «አለርጂ» ከማለት በቀር የመድኃኒቱን ስም አልጠቀሰም። ሌላ ሐኪም ነገ ያንኑ መርፌ እንዳያዝላት ተመልሼ ስጠይቅ፣ ሐኪሙ ሳያመነታ «ሴፍትሪአክሶን» ብሎ በትልልቁ ጻፈልን። ድንገተኛ ነገር ቢገጥመን እዚያው እንመለሳለን፤ ወረቀቱም ከእህቴ መታወቂያ ጋር ታጥፎ ቦርሳዋ ውስጥ ተቀምጧል።