ሜታ ክዌስት 3 ለስትሮክ ታካሚ ክንድ፦ መነጽሩ የሚያየውና የማያየው

ክዌስት 3 ለጨዋታ የተሠራ የቪአር (በኮምፒውተር የተፈጠረ ዓለም የሚያሳይ) መነጽር እንጂ የሕክምና መሣሪያ አይደለም። በስትሮክ የደከመ ክንድን ለማለማመድ ሲታሰብ መመዘን ያለበት በምስሉ ጥራት ሳይሆን በአንድ ጥያቄ ነው፦ ታካሚው ክንዱን በትክክል የሚያንቀሳቅስበትን ብዛት ይጨምርለታል ወይ?

ብዛቱ ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ በሰሜን አሜሪካ ማገገሚያ ክፍሎች የተካሄደ ምልከታ የክንድ ተግባር በተለማመዱባቸው ክፍለ ጊዜዎች እንቅስቃሴው በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ ሲደገም አይቷል። በእንስሳት ሙከራ ድግግሞሹ በመቶዎች ይቆጠራል። ቪአር ይህን ክፍተት ለመሙላት ይረዳል፤ ቴራፒስቱን ለመተካት ግን አይሆንም። 72 ሙከራዎችንና 2,470 ተሳታፊዎችን የመረመረው የ2017ቱ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ፣ ቪአር በመደበኛው ቴራፒ ቦታ ሲገባ ለክንድ የተሻለ ውጤት አላገኘለትም፤ በመደበኛው ላይ ተጨምሮ የልምምዱን ጊዜ ሲያራዝም ግን ጥቅም አሳይቷል። በ2016 የወጣው ኤቭረስት የተባለው ሙከራ ደግሞ 141 ታካሚዎችን ይዞ በሰውነት እንቅስቃሴ የሚሠራውን የኒንቴንዶ ዊ ጨዋታ እንደ ካርታ ካሉ ቀላል ጨዋታዎች ጋር ቢያወዳድር ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ መነጽሩ ተገዛ ብሎ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ የሚሰርዝ ቤተሰብ ይጎዳል።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ ትልቁ ብልጫው የፊት ካሜራዎቹ ክፍሉን በቀለም ማሳየታቸው ነው። ታካሚው የራሱን እጅ፣ ጠረጴዛውንና አጠገቡ የቆመውን ሰው እያየ ይሠራል፤ ፍርሃቱም ማዞሩም ይቀንሳል። የሌንሶቹ ርቀት ከ58 እስከ 71 ሚሊሜትር በጥርስ ጎማ ይስተካከላል፤ የፊት መደገፊያውም የማየት መነጽር ላደረገ ሰው ወደፊት ይገፋል።

ክብደቱ 515 ግራም ሲሆን አብዛኛው ፊት ላይ ያርፋል። አብሮት የሚመጣውን የጨርቅ ማሰሪያ በአንድ እጅ አስተካክሎ ማጥበቅ ከባድ ነው። ከኋላ በመዘውር የሚጠብቅ ጠንካራ ማሰሪያ፣ በተለይም ባትሪ ከኋላ ያለውን ዓይነት ለብቻ መግዛት ያዋጣል፤ ባትሪው የፊቱን ክብደት ያመጣጥናል፣ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ የሚቆየውንም ኃይል ያራዝማል። አንገቱን በራሱ መደገፍ ለማይችል ታካሚ ግን የትኛውም ማሰሪያ መፍትሔ አይሆንም።

አያያዝ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ካሜራዎቹ ባዶ እጅን መከታተል ይችላሉ፤ ነገር ግን ጡንቻው የተገተረና ጣቶቹ ወደ ውስጥ የታጠፉ እጅ ሲቀርብላቸው አውራ ጣቱ መዳፍ ውስጥ ስለሚደበቅ የሚያዩት ምስል ይንቀጠቀጣል ወይም ይጠፋል። ጭን ላይ ያረፈ እጅም ከካሜራዎቹ እይታ ውጭ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው እጅ ከመነጽሩ ጋር የሚመጣውን በእጅ የሚያዝ መቆጣጠሪያ መዳፍ ላይ በሚለጠጥ ማሰሪያ ማሰር ይሻላል። ማሰሪያው የመቆጣጠሪያውን የላይኛውን ፊት መሸፈን የለበትም፤ መነጽሩ ቦታውን የሚያውቀው እዚያ ሥር ካሉት ለዓይን ከማይታዩ መብራቶች ነውና። ደግሞም ቁልፍ ተጫኑ የሚሉ ጨዋታዎችን ትቶ በመንካት ብቻ የሚሠሩትን መምረጥ ያስፈልጋል።

አሁን ዋናው ጉድለት። አብዛኞቹ ጨዋታዎች የሚቆጥሩት እጁ ዒላማው ጋ መድረሱን እንጂ እንዴት እንደደረሰ አይደለም። ክርኑን መዘርጋት ያቃተው ታካሚ ከወገቡ አጎንብሶ፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰቅሎ፣ ክርኑን ወደ ጎን ከፍቶ ይደርሳል፤ ጨዋታውም ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡ እየጨመረ የተሳሳተው እንቅስቃሴ ልማድ ይሆናል። መከላከያው ከመነጽሩ ውጭ ነው፦ ጎማ የሌለው ወይም ፍሬኑ የተያዘ ወንበር፣ ከመደገፊያው የተጣበቀ ጀርባ፣ መሬት የረገጡ ሁለት እግሮች፣ አስፈላጊም ከሆነ ትንፋሽ በማያሳጥር ሰፊ ቀበቶ ደረትን ከወንበሩ ጋር ማሰር። ከዚያ በመነጽሩ ላይ በተቀመጡበት የሚሠራውን የመጫወቻ ወሰን መርጦ እይታውን እንደገና መሃል ማድረግ፣ ምስሉንም በዋይፋይ ወደ ስልክ ወይም ታብሌት ማስተላለፍ። የሚከታተለው ሰው ግን ከስክሪኑ ይልቅ ትከሻውንና ጀርባውን ይመልከት። ጀርባው ከመደገፊያው በተነሳ ቁጥር ዒላማው ሩቅ ነው ማለት ነው፤ ይቅረብ። ትከሻው የሚያመው ወይም ከመገጣጠሚያው የወረደ ታካሚ ከትከሻ ከፍታ በላይ ያለ ዒላማ አይሰጠው።

አንድን ወገን ችላ የሚል ወይም ግማሽ እይታው የጠፋ ታካሚም አለ። በግራ በኩል የሚመጡትን ኳሶች የሚስተው ክንዱ ስለደከመ ሳይሆን ስላላያቸው ሊሆን ይችላል። ከመሃል ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ችላ ወደሚባለው ወገን መውሰድ፣ ከዚያ በኩል የሚመጣ ድምፅም መጠቀም ጥሩ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከ5 ደቂቃ አይለፍ፤ ከተስማማው በእረፍት የተከፋፈሉ የ10 ደቂቃ ዙሮችን መጨመር ይቻላል። ሰውየው ሳይንቀሳቀስ ዓለሙ የሚንቀሳቀስበት ጨዋታ፣ በተለይ በመቆጣጠሪያው ላይ ባለው በአውራ ጣት በሚገፋ ዘንግ የሚነዳው፣ ያቅለሸልሻል፤ መዝለል ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታየው፣ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የራስ ቅል አጥንቱ ያልተመለሰለት ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድ አያድርገው። መነጽሩና መቆጣጠሪያዎቹ ማግኔት ስላላቸው የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለትም እንደዚያው።

መሻሻልን በጨዋታው ነጥብ መለካት ስህተት ነው። በ60 ሰከንድ ስንት ኩብ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው እንደተሻገረ የሚቆጥረው የሳጥንና ኩብ ፈተና፣ ወይም በቴራፒስት የሚሞላው ከስትሮክ በኋላ የክንድን እንቅስቃሴ የሚመዝነው ባለ 66 ነጥቡ የፉግል ማየር መለኪያ፣ ከመጀመሩ በፊትና ከሳምንታት በኋላ ይሠራ።

ለብዙ ታካሚ የሚያገለግል ከሆነ የሚጸዳ የሲሊኮን የፊት ሽፋን ግዴታ ነው፤ የጨርቁ መደገፊያ ላብ ይመጥጣል። ሌንሱን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ መጥረግ፣ አልኮል አለማስነካት፣ ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት አዙሮ አለማስቀመጥ፤ ጨረሩ በሌንሱ ተሰብስቦ ስክሪኑን ያቃጥላል። የሶፍትዌር እድሳቱም ከዋዜማው ይጠናቀቅ፤ ታካሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ እድሳት ሲጠብቅ ለልምምዱ ያጠራቀመው ጉልበት ያልቃል።