ሳር ክዳን ከጉልቻ ወይስ ቆርቆሮ ከምርጥ ምድጃ? ጎንደር ዙሪያ አንድ ክፍል ቤት ለሚሠሩ

ኮሶዬም ይሁን ደባርቅ መንገድ ላይ አንድ ክፍል ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ለግድግዳው ነው። መቅደም ያለበት ግን ምድጃው ነው፤ ክዳኑን የሚወስነው እሱ ነውና።

ሳር ክዳን የሚስማማው ከጉልቻ ጋር ነው። ጭሱ በሳሩ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ያደርቀዋል፣ ጥላሸት ያለብሰዋል፣ ነፍሳትንም ያርቃል። እሳት የማይነድበት ጎጆ ግን ክረምቱን እርጥበት እንዳዘለ ይከርማል፤ ሳሩም ይበሰብሳል። ስለዚህ ለበዓልና ለእሑድ ብቻ ለሚከፈት ቤት፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አንመክረውም። ዳር እስከ ዳር 5 ሜትር ለሆነ ክብ ቤት የጣሪያው ጫፍ ከግድግዳው ራስ 2.5 ሜትር ከፍ ይበል፤ 45 ዲግሪ ያህል ተዳፋት ይሆናል። ከዚህ ከተኛ ዝናቡ መውረዱን ትቶ ይሰርጋል። መሃሉን ምሰሶው ስለሚይዘው ጉልቻው በምሰሶውና በግድግዳው አጋማሽ ይቀመጥ። የጭስ ማውጫ ቱቦ በሳር መሃል ማሳለፍ ግን አይሞከርም፦ የጋለው ቱቦ ሳሩን ከውስጥ ያቃጥላል፣ ፍንጣሪውም ደረቁ ክዳን ላይ ያርፋል።

አልፎ አልፎ ለሚኖሩበት ቤት ቆርቆሮና ምርጥ ምድጃ ይሻላል። ምድጃው ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ የሚቀረጽ ሲሆን ምጣዱን ዙሪያውን ይዘጋዋል። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ቢባልም፣ ይኼኛው ከሦስት ጉልቻ አንጻር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ያተርፋል፤ ከኋላ በሚወጣው ትርፍ ሙቀትም ድስት ይጣድበታል። ሊገዙ ሲሄዱ የምጣድዎን ስፋት ለክተው ይሂዱ። ክፍሎቹንም እዚያው አስገጥመው ይዩ፤ መጋጠሚያው ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ነበልባሉ በዚያ ይወጣል፣ የእንጀራው ጠርዝም ሳይበስል ይቀራል።

ጉድለቱ ምንድን ነው? ተከቦ አይሞቅም። የጎንደር ሌሊት ደግሞ ይበርዳል፣ ቆርቆሮው ብርዱን አይመክትም፣ ሐምሌ ላይም ዝናቡ ሲመታው ጨዋታ አያሰማም። ኮርኒስ የግድ ነው። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከሆነ ከጭስ ማውጫው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቅ። ለሙቀት ብሎ ከሰል አቀጣጥሎ፣ በር ዘግቶ ማደር ግን ይገድላል።

ግድግዳው በሁለቱም ያው ጭቃ ነው። ዋልካ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቀይ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካ፣ በየቀኑ እየተረገጠ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይክረም። የግድግዳው እግር ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል በድንጋይ ካልተነሣ የጣሪያው ፍሳሽ እየረጨ ጭቃውን ከሥሩ ይበላዋል።