ለጋሼ የኢንሹራንስ ጉዳይ ለደረሰችልን የሂሳብ ባለሙያ ምስጋና፤ ባሕር ዳር ላላችሁም ጥቆማ

ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ይህን የምጽፈው አንዲት የሂሳብ ባለሙያ ለማመስገን ነው። ከአሜሪካ ተመልሶ እዚህ የሚኖር አባት፣ እናት ወይም ዘመድ ላላችሁ ደግሞ ለመጠቆም። ስሟን አደባባይ እንዳላወጣው ስለነገረችኝ አልጽፈውም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

አጎቴ ብዙ ዓመት ሜሪላንድ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ አገራቸው ገቡ። አባይ ማዶ ቤት ሠርተው በሶሻል ሴኩሪቲያቸው (የአሜሪካ መንግሥት በሚከፍላቸው ጡረታ) ይኖራሉ። ዜግነታቸው አሜሪካዊ ነው። እዚያ እያሉ የሕይወት ኢንሹራንስ ገብተው ነበር፤ ገንዘብ የሚጠራቀምበትና ዕድሜ ልክ የሚቆየውን ዓይነት። ልጆቻቸውን ሲያስተምሩ ከዚያው ውል ላይ ተበደሩ። ኋላ ዓረቦኑን (ለኢንሹራንሱ በየጊዜው የሚከፈለውን) መክፈል ሲከብዳቸው ኩባንያው ክፍያውን ብድሩ ላይ እየደመረ ውሉን አቆየላቸው። ወለዱም በላይ በላዩ ተከመረ።

በመጨረሻ ብድሩ የተጠራቀመውን ገንዘብ ሊያክል ደረሰ። ኩባንያው ካልከፈሉ ውሉ ይቋረጣል ብሎ ጻፈላቸው። ደብዳቤው የሄደው ወደ ድሮ አድራሻቸው ስለሆነ፣ መንገደኛ ይዞት እስኪመጣ ከተሰጣቸው ጊዜ ብዙው አልቆ ነበር። ጋሼ ግን አልተጨነቁም። "ይቅር በቃ። ብድሩም ከውሉ ጋር አብሮ ይቀራል፣ ማን ይጠይቀኛል?" አሉ። እውነት ለመናገር ለማንም ሰው እንዲህ ነው የሚመስለው። ገንዘብ እጁ ያልገባ ሰው ምን ብሎ ግብር ይከፍላል?

ወደ እሷ የሄድነው ለዚህ አልነበረም። የጋሼን የዓመቱን የአሜሪካ ግብር እንድትሠራላቸው ነው። አሜሪካ ስትኖር ሥራዋ ይኸው ነበር፤ አይአርኤስ በሚባለው የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ፊት ግብር ከፋይን ወክላ የምትቀርብበት ፈቃድም አላት። እዚህ አብዛኛው ደንበኛዋ የከተማው ነጋዴ ነው። ጋሼ ወረቀታቸውን ሲያወጡ ያ ደብዳቤ አብሮ ወጣ። አንስታ አነበበችው። "ይሄ የኔ ሥራ አይደለም" ብላ ብትመልሰው ማንም አይወቅሳትም ነበር። እሷ ግን እስከ መጨረሻው መስመር አንብባ "ጋሼ፣ ሂሳቡን ሳናይ ይሄ ውል እንዲቋረጥ አይተዉት" አለች።

ከዚያ ወረቀት ስባ አስረዳችን። ቁጥሮቹ የጋሼ አይደሉም፣ ለምሳሌ ያወጣቻቸው ናቸው። አንድ ሰው በጠቅላላ 40,000 ዶላር ዓረቦን ከፍሏል እንበል። ውሉ ውስጥ የተጠራቀመው 63,000 ሆኗል። ብድሩ ከነወለዱ 62,500 ደርሷል። ውሉ ሲቋረጥ ኩባንያው መጀመሪያ ብድሩን ያወራርዳል። ሰውዬው የሚያገኘው 500 ዶላር ብቻ ነው። ግብሩ የሚሰላው ግን በ500ው ላይ አይደለም። ከ63,000 ላይ የከፈለው 40,000 ይቀነስና 23,000 ዶላር ገቢ አግኝተሃል ይባላል። ኩባንያው ከትርፉ ለባለውሎቹ የሚያካፍለውን፣ ዲቪደንድ የሚባለውን፣ በጥሬው ወስዶ ከሆነ ደግሞ ከ40,000ው ላይ ስለሚቀነስ ግብር የሚከፈልበት ይጨምራል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ብድሩን ሲወስድ፣ ብድር ስለሆነ ግብር አልተጠየቀበትም። ውሉ ሲቋረጥ ግን ኩባንያው የተጠራቀመውን በሙሉ እንደሰጠው፣ እሱም በዚያ ገንዘብ ብድሩን እንደከፈለ ይቆጠራል። ትርፉም እንደ ደመወዝ በመደበኛው የገቢ ግብር ተመን ነው የሚታየው። "ገንዘቡ እጄ አልገባም" ብለው እዚያ አገር ፍርድ ቤት የሄዱ ሰዎች በተደጋጋሚ ተረትተዋል።

ለጡረተኛ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። ብቻውን ግብር የሚያሳውቅ ሰው፣ ሌላው ገቢው (ይሄ ትርፍም ጭምር) ከሶሻል ሴኩሪቲው ግማሽ ጋር ተደምሮ ከ25,000 ዶላር ካለፈ፣ ጡረታው ራሱ በከፊል ግብር ውስጥ ይገባል። ከ34,000 ካለፈ እስከ 85 በመቶው ሊገባ ይችላል። ይሄኔ ነው ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ዝም ያሉት።

ባሕር ዳር መኖርም አያድንም። የአሜሪካ ዜጋ የትም ይኑር የት፣ ገቢውን በሙሉ ለአይአርኤስ ማሳወቅ አለበት። ውጭ አገር ሠርተው ላገኙት ገንዘብ የተፈቀደ ነጻ መብት አለ፤ ይሄ ግን የሥራ ገቢ ስላልሆነ አይመለከተውም። ኩባንያው ይህን ገቢ የሚገልጸውን 1099-አር የሚባለውን ቅጽ ለሰውዬውም ለአይአርኤስም ይልካል። የጋሼ ቅጂ ያው ወደ ድሮው ቤት ይሄድ ነበር። እሳቸው ሳያውቁት ቅጣትና ወለድ ይቆጥርባቸው ነበር ማለት ነው።

የኢንሹራንስ ኩባንያው ቢሮ የሚከፈተው እዚህ ሊመሽ ሲል ስለሆነ አምሽታ ጠበቀችን። ጋሼ ራሳቸው እንዲደውሉ አድርጋ፣ የሚጠይቁትን አጠገባቸው ሆና አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እስከ ዛሬ የተከፈለው ዓረቦን ስንት ነው? የተጠራቀመውስ? ብድሩ ከነወለዱ? ዛሬ ቢቋረጥ ግብር የሚከፈልበት ስንት ይሆናል? ሁሉንም በጽሑፍ አስላከች። አድራሻቸውንም አስቀየረች። ከዚያ "ልጆችዎን ያማክሩ" አለቻቸው። አሜሪካ ያሉት ልጆቻቸው ተነጋግረው የብድሩን ወለድና ዓረቦኑን ለመክፈል ወሰኑ። ዲቪደንዱም ብድሩን እንዲቀንስ ተደረገ። ውሉ እንደቆመ ከቀጠለ፣ ጋሼ ሲያልፉ (ዕድሜያቸውን ያርዝመውና) ብድሩ ተቀንሶ የሚተርፈው ለልጆቹ ይደርሳል። ያ ገንዘብ በአብዛኛው የገቢ ግብር የለበትም።

በጣም የወደድኩት ደግሞ ሰው ሳታስፈራራ እውነቱን መናገሯን ነው። የሚቋረጥ ውል ሁሉ ግብር አያመጣም ብላናለች። ለተወሰነ ዓመት ብቻ የሚገባውና ገንዘብ የማይጠራቀምበት ዓይነት ቢቋረጥ የሚመጣ ግብር የለም። የተከፈለው ዓረቦን ከተጠራቀመው የሚበልጥ ከሆነም የለም፤ ኪሳራውን ግን ከግብር ማስቀነስ አይቻልም። ውሉ ከተቋረጠ በኋላ የሚታደስበት ጊዜ የሚሰጡ ኩባንያዎችም ስላሉ የረፈደባችሁ ጠይቁ። የኛ አገር ኢንሹራንስ በኛ ሕግ ነው የሚታየው፣ ሁለቱን አታደባልቁ ብላም አስጠንቅቃናለች።

ዋጋዋን ሥራ ሳትጀምር ነው የምትናገረው። ስለ ደብዳቤው ለደከመችበት ተጨማሪ አልጠየቀችም። ጋሼ ያስመጡላትን የዘጌ ቡና ብቻ ተቀበለች። የሠራችውን የግብር ቅጽ በራሷ ስምና በአዘጋጅነት ቁጥሯ ትፈርምበታለች። ይሄን ልብ በሉ። የአሜሪካ ግብር በክፍያ የሚሠራ ሰው ሁሉ ከአይአርኤስ የተሰጠው ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ሠርቶ አልፈርምም የሚላችሁን አትመኑ።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ጋሼ በየሰዉ ቤት እየመረቁሽ ነው።

መሄድ የምትፈልጉ ቀደም በሉ። የአሜሪካው መክፈያ ቀን ኤፕሪል 15፣ በኛ ሚያዝያ 7 ነው። ውጭ አገር ለሚኖር ማሳወቂያው እስከ ሰኔ 8 ይራዘማል፤ ያልተከፈለው ላይ ወለድ የሚቆጥረው ግን ከሚያዝያ ጀምሮ ነው። ሐምሌ ላይ ነጋዴው ስለሚሞላባት ባትሄዱ ይሻላል። ውሉን፣ ኩባንያው በመጨረሻ የላከውን የሂሳብ መግለጫና ያለፈውን ዓመት የግብር ቅጽ ይዛችሁ ሂዱ። ያልተከፈተ ፖስታ ካለም ሳትንቁ ጨምሩት።