ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ወይስ የግል አማካሪ? ባሕር ዳር ላይ የአእምሮ ሕክምና ለሚፈልግ

ወጪ፦ በፈለገ ሕይወት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ሰው ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፎ ከሄደ ከኪሱ የሚያወጣው ብዙ አይደለም። ያለ ሪፈር ሄዶ ሙሉውን የሚከፍል ግን አይጠፋም። የግል አማካሪ በየቀጠሮው ይከፈለዋል፤ በመነጋገር የሚሰጥ ሕክምና ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም። የወሩን ሒሳብ አስቀድመው ይጠይቁ።

ጊዜ፦ ሆስፒታሉ ወረፋ አለው፤ ሐኪሙ መድኃኒት ያስተካክላል እንጂ ረጅም ወግ አይጠብቁ። ግል ጋ ሰዓቱ የእርስዎ ነው።

ገመና፦ ወረፋው ላይ ጎረቤት ሊያይዎት ይችላል። እኔ ይህን ምክንያት አላደርገውም፤ የሚከብደው ግን አለ።

ለማን፦ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ለሚሰማው፣ ራሱን ለመጉዳት ለሚያስብ ሆስፒታል፣ ያውም ዛሬውኑ በድንገተኛ ክፍል። ለሐዘን፣ ለትዳር ጭቅጭቅ፣ ለሥራ ጭንቀት አቅም ካለ የግል አማካሪ። ጠበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን አያቋርጥ።